ዳና

በእነሱ ቋንቋ ዳና ትልቅ ዕንቁ ማለት፣
በእኛ ደግሞ አልፎ የሄደ ሰው ምልክት፤
እኔ ሁለቱንም በአንድ ስም ጠርቼ
እሹሩሩ እላለሁ ሌሊት ተነሥቼ።

ሙሐረቅ ነው ቤቱ፣ ከባሕሩ አፋፍ፣
አውሮፕላን ሲወርድ መስኮት የሚያርገፈግፍ።
አያትየው ጠላቂ፣ ሳሎን ባለው ፎቶ፣
በቀንድ መቆንጠጫ አፍንጫውን ዘግቶ፣
ለዕንቁ ሊሰምጥ ነው፣ ገመዱን ጨብጦ።
የዛሬዋን ዕንቁ ሌላ ነው ጠባቂዋ፦
እንቁላል የሚያክል፣ ነጭ፣ ከራስጌዋ፣
ባለ አንድ ዓይን ካሜራ።
ማዳም ሙኒራ ናት ገዝታ ያሰቀለችው፤
“ለዳና ነው” ብላ፣ እኔን ነው ያየችው።

ሊገጥመው የመጣው የኬረላው ቢጁ
ቸኩሎ ነበረ፤ ሌላ ቤት ነው ደጁ።
መሰላሉን ይዤ ከሥር ቆሜ ሳይ
ከፋብሪካ የመጣው አንድ ሁለት ሦስት አራት
እንዳለች ቀረች እንጂ ማንም አልቀየራት።

“የይለፍ ቃል” ይሉታል፤ ስሙ ነው የገረመኝ፤
ቃል ያወቀ ይለፍ! እኔስ መች አለፈልኝ?
ያልፍልሻል ተብዬ ከኮምቦልቻ ወጥቼ፣
ፓስፖርቴን ለመሳቢያ ባደራ ሰጥቼ፣
ሦስት ዓመት ጠበቅሁ።
እሱ ግን በአራት ቁጥር
ሰተት ብሎ ገባ፣ ሳያንኳኳ በር።

ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት። ትኩሳት ነበራት።
ፎጣ አርጥቤ ግንባሯ ላይ ሳደርግላት
ዓይኑ ዞረ።
(ሞተሩ ትንኝ ነው፣ ዝዝ ይላል ሲዞር።)
ማዳም መስላኝ ነበር፤
ማዳም ግን ሪፋ ናት፣ ሰርግ ላይ።
ከዚያ ሳል ሰማሁ። የወንድ ሳል። ወፍራም።
ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፦ “ሜሪ፣ አትተኚም?”

ሜሪ ማዳም ናት ያወጣችው ለኔ፣
ስሜ ለምላሷ ከብዷት በመጣሁ ቀኔ።
ስንት ሳምንት ሰምቶ ይሆን ሲጠሩኝ፣
“ሜሪ ውሃ”፣ “ሜሪ ነይ”፣ “ሜሪ የት ነሽ” ሲሉኝ፤
ስንት ሌሊት አይቶ ይሆን ሻሼን ነክሼ
ዳና እንዳትነቃ ሳለቅስ አጎንብሼ።

አልጮህኩም።
እጄ ነው የቀደመኝ፤ ከእግሯ ላይ አወለቅሁት
ቢጫ ካልሲዋን፣ ዳክዬ ያለበት፣
ዓይኑን አለበስኩት።
“ሜሪ፣” አለ ካልሲው ውስጥ፣ “ሜሪ፣ ምነው?” አለ፤
ሶኬቱን ነቀልኩት፤ ድምፁ ተነቀለ።

ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጮኸ። ማዳም።
“ለምን ጨለመብኝ? ምን እየሠራሽ ነው?” እንጂ
“ደህና ናችሁ?” የሚል ከአፏ አልወጣም።

በማግስቱ ቢጁ ላፕቶፑን ዘርግቶ፣
“ቀዳዳ አለበት” አለ ላቡ ፊቱን ሞልቶ፤
“ፋብሪካው ካወቀው ወር አልፎታል፤
ማሻሻያም ልኮ ነበር፤ ማን ጭኖታል?”

እኔ የማውቀው ቀዳዳ ጭቃ የሚመርገው፣
ወይ መርፌ ያገኘ ሰው በክር የሚጠቅመው፤
ይኼ ግን በር ተቆልፎ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣
ከሕፃን ራስጌ ሰው ያቆማል በሽቦ ወርዶ።
ቢጁ ዱካውን አሰሰ፤ ሦስት አገር ዞረና
ከአራተኛው ጠፋበት የሰውየው ዳና።

“አሁን አዲስ ቃል ይግባ” አለ፤ “ጠንከር ያለ።”
ማዳም የልጇን ስም አለች። አይሆንም አለ።
የልደቷን ቀን። አይሆንም። የባሏን ስልክ ቁጥር።
አይሆንም፤ ይኼን ሁሉ ሌባው ያውቅ ነበር።
ከዚያ ወደኔ ዞረ፣ እየሳቀ ነገር፦
“አንቺስ? ማንም የማያውቀው ቃል የለሽም?”

አለኝ።
ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ያልተጠራ፣
ማይክሮፎን ያልሰማው፣ ያላየው ካሜራ፣
ማዳም የረሳችው፣ ሌባው ያልደረሰበት፣
አምስት ፊደል ብቻ፣ እኔ ያለሁበት።

ከከንፈሬ ደረሰ። ዋጥኩት።
“እንጃ፣” አልኩት።

ማታ ቀይዋ መብራት እንደገና በራች፤
አንዲቱ ካልሲ ግን ኪሴ ውስጥ ቀረች።